«ስማይት»፦ መቀባት እንዴት መምታት ሆነ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ የ1611ዱን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው ጋር እያስተያዩ ያነባሉ። «ስማይት» የሚል ግሥ በየምዕራፉ ይገጥማቸዋል፤ እግዚአብሔር «ስሞት»፣ መልአኩ «ስሞት»፣ በረዶው «ስሞት»። አሜሪካ ያለችው እህታቸው ደግሞ ስለ እጮኛዋ በስልክ ስታወራ «ስሚትን ሆኛለሁ» አለቻቸው። «የአንድ ቃል ልጆች ናቸው? ከሆኑስ ቁጣና ፍቅር እንዴት በአንድ ቃል አደሩ? ብረት ቀጥቃጭ ማለት የሆነው ‹ስሚዝ› ከዚሁ ግሥ ወጣ የሚሉት እውነት ነው? በአማርኛስ ምን ብዬ ልተርጉመው?» ይላሉ።

አዎ፣ አንድ ቃል ናቸው። «ስማይት» ግሡ ራሱ ነው፤ «ስሞት» ኃላፊ ጊዜው ነው፤ «ስሚትን» ደግሞ «የተመታ» ማለት ነው። «ራይት፣ ሮት፣ ሪትን» ብለው መጻፍን እንደሚያረቡት ነው የሚያረቡት። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይቸገርም። እኛም «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስባሪ» ስንል ተነባቢዎቹን አጽንተን አናባቢዎቹን እንለዋውጣለን። እንግሊዝኛ ይህን ጠባይ በጥቂት ጥንታዊ ግሦች ላይ ብቻ አስቀርቶታል፤ «ስማይት» ከነዚያ አንዱ ነው።

አሁን ወደሚያስገርመው ልምጣ። ይህ ግሥ መጀመሪያ መምታት ማለት አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ማለትም ከኖርማኖች ወረራ ከ1066 እ.ኤ.አ. በፊት በተጻፈው ቋንቋ፣ «ስሚታን» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም መቀባት፣ መለቅለቅ፣ ማቆሸሽ፣ ማርከስ ነው። በተለይ «በ» የሚል ቅድመ ቅጥያ ጨምሮ «በስሚታን» ሲሆን «አረከሰ» ማለት ነበር።

ማስረጃውን ቅርብ ቦታ ላሳይዎ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አራቱ ወንጌላት ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ዘዬዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ምዕራብ ሳክሶን ተተርጉመዋል። በዚያ ትርጉም የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 15 ቁጥር 11 ይክፈቱ፤ ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፍ የሚገባው እንዳልሆነ የሚናገረውን። «ያረክሳል» የሚለው ቦታ ላይ «በስሚት» የሚለው ቃል ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው ምዕራፍ 5 ቁጥር 39ን ይዩ፤ ቀኝ ጉንጭህን በጥፊ ለሚመታህ ሁለተኛውን አዙርለት የሚለውን። እዚህ «ስሚታን» የለም። መምታቱ የተነገረው «ስሌአን» በሚል ሌላ ግሥ ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ አሥር ምዕራፍ በማይሞላ ርቀት፣ የዛሬው «ስማይት» ቅድመ አያት ማርከስ ሆኖ ተቀምጧል፤ የመምታቱን ሥራ ግን ሌላ ቃል ይሠራዋል።

ከዚህም የቆየ ምስክር አለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሕዝቡ ወደ ጎቶች ቋንቋ፣ ዛሬ ወደ ጠፋው የእንግሊዝኛ ዘመድ ወደ ጎትኛ፣ መለሰ። የዚያ ትርጉም ዋናው ቅጂ ዛሬ በስዊድን በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ጌታችን በምራቁ ጭቃ አድርጎ የዕውሩን ዓይኖች «ቀባ» የሚለው ጎትኛው ላይ «ጋስማይት» ነው። ይኸው ግሥ! ኋላ እንግሊዝኛ ላይ ጠላትን የሚያደቅቅ የሆነው ቃል እዚህ የሚያበራ ጣት ነው፤ ዕውሩን በጭቃ ዳሰሰው እንጂ አልመታውም። (እግረ መንገዴን፦ ዉልፊላ የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመነኛ ነው። ዉልፊላን የተቀበለውና ሕዝቡን በግዛቱ ያስጠለለው ቆስጠንጢዮስ 2ኛ ነው፤ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ ያለውም ይኸው ንጉሥ ነው። የሁለቱ ሰዎች ታሪክ በአንድ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ያልፋል፤ ባነሣሁት ቁጥር ያስደንቀኛል።)

እንግዲህ መቀባት እንዴት መምታት ይሆናል? የቃሉን ዘመዶች ስናይ መንገዱ ይገለጣል። ጀርመንኛው «ሽማይሰን» ዛሬ መወርወር ነው። ሆላንድኛው «ስሜይተን» እንዲሁ መወርወር ነው። ግን ጀርመኖች ሥጋ ላይ እንቁላሏን የምትጥለውን ትልቋን ዝንብ «ሽማይስፍሊገ» ይሏታል፤ በዚህ ስም ውስጥ ያለው «ሽማይስ» መወርወር ሳይሆን ማቆሸሽ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ መቀባት፣ መወርወር፣ መምታት። ከመቀባቱና ከመወርወሩ የቱ ይቀድማል በሚለው ላይ የሥርወ ቃል ሊቃውንት አይስማሙም፤ ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስር ሥራ የቱ ነው ለሚለው ግን አንዳንዶቹ ያቀረቡት መልስ አለ። የጭቃ ግድግዳ ነው።

ለእኔ ይህን መልስ ማመን አልከበደኝም፤ ልጅ ሆኜ የአጎቴ ቤት ሲመረግ አይቻለሁና። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፤ በእግር ይረገጣል፤ ቀናት ያድራል፤ ጭዱ ልሞ ሽታው ሲለወጥ ደረሰ ይባላል። መራጊው ሁለት እጁን ሙሉ ይዘግንና ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቆማል። ጭቃውን ማገሩ ላይ አያስቀምጠውም፤ ቢያስቀምጠው ይንሸራተታል። ይመታዋል። «ጧ!» ብሎ በእንጨቶቹ መካከል ሲሰርግ ከወዲያኛው ወገን ጣት ጣት እያከለ ብቅ ይላል፤ ያ ሾልኮ የወጣው ጭቃ ነው ደርቆ ምርጊቱን የሚይዘው። ወዲያው በመዳፉ እየዳበሰ ያለሰልሰዋል። ወረወረ፣ መታ፣ ቀባ፤ እጁ አንድ ነው፣ ሥራውም አንድ ነው። የሰሜን አውሮፓ ገበሬም ቤቱን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ቀጫጭን እንጨት ይጠላልፍና ጭቃ፣ ጭድና እበት ለውሶ ይለጥፍበታል። ለዚህ ሥራ አንድ ግሥ ቢኖረው ግሡ ወደ ሦስቱም ወገን ለማዘንበል አይቸገርም። የከተማ ግንበኞቻችን ሲሚንቶውን በማንኪያ እየወረወሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፉትን ሻካራ ልስን «ግርፍ» ሲሉት አማርኛችንም በዚሁ መንገድ ከማዶ መጥቷል፦ የመግረፍ ቃል የልስን ስም ሆነ።

ደግሞ ይህ የ«ስማይት» ብቻ ዕጣ አይደለም። ዛሬ ለመምታት በሰፊው የሚሠራበት «ስትራይክ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስትሪካን» ነበር፤ ትርጉሙም ማሻሸት፣ መዳበስ፣ በላዩ ማለፍ ነው። የጀርመን ዘመዱ «ሽትራይኸን» እስከ ዛሬ ቅቤ ዳቦ ላይ መቀባትና ግድግዳ ቀለም መቀባት ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣውን «ስትሮክ» ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሽታው ስሙን ያገኘው እንግሊዞች ድንገተኛውን መውደቅ የእግዚአብሔር እጅ ምት ነው ብለው በመጥራታቸው ነው። እኛ «ስትሮክ መታው» ስንል እንግዲህ መምታትን ሁለት ጊዜ እየተናገርን ነው። «ሂት» የሚለው ደግሞ ከቫይኪንጎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ሂታ» ማግኘት፣ መገናኘት ማለት ነበር። ሦስቱም የእንግሊዝኛ የመምታት ግሦች ጉልበት ይዘው አልተወለዱም። የጀመሩት ከመንካት ነው። የጥያቄዎ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ «ስሚትን» ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ለምን አዲስ የመምታት ቃል አስፈለገ? ቦታ ስለተለቀቀ ነው። «ስሌአን» ያልነው የጥንቱ ዋና ግሥ ቀስ በቀስ ወደ መግደል ጠበበ፤ የዛሬው «ስሌይ» እሱ ነው። ሰው የሚሞትበት ቃል በጥፊ ለመታ ሰው አይሆንም። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ በተጻፉት ጽሑፎች «ስሚታን» ማርከሱን ትቶ በዚህ ክፍት ቦታ ሲገባ እናየዋለን። በ1380ዎቹ በዊክሊፍ ስም የሚታወቀው ትርጉም ሲወጣ ጉንጭን በጥፊ መምታት «ስማይት» ሆኗል። ይህ አንድ ጥቅስ ብቻውን የግሡን ዕድሜ ይቆጥርልናል፦ በ10ኛው ክፍለ ዘመን «ስሌአን»፣ በ14ኛው «ስማይት»፤ በ1526 ተርጓሚው ቲንዴል ትቶት «ምት ቢሰጥህ» ወደሚል አነጋገር ሄደ፤ የ1611ዱ ትርጉም ደግሞ «ስማይት»ን መልሶ አስገባው። የዛሬዎቹ ትርጉሞች «ስትራይክ» ወይም በጥፊ መታ ይላሉ። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጁን ጎረቤት ቢመታበት «ስሞት» አይልም። ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስ፣ የቆየ ግጥምና የኮምፒውተር ጨዋታ ጠንቋዮች ሆኖ ቀርቷል።

የ1611ዱ ተርጓሚዎች ይህን ቃል ምን ያህል እንደዘረጉት ለማየት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ብቻ ማንበብ ይበቃል። ጴጥሮስ በሁለት ወታደሮች መካከል በሰንሰለት ታስሮ ተኝቷል። መልአኩ ይመጣና ጎኑን መትቶ ይቀሰቅሰዋል። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ሄሮድስ የመንግሥት ልብስ ለብሶ ሲናገር ሕዝቡ የአምላክ ድምፅ ነው ብሎ ይጮኻል፤ መልአክ ይመታዋል፤ በትል ተበልቶ ይሞታል። በግሪክኛው ለሁለቱም አንድ ግሥ ነው የገባው። እንግሊዝኛውም ለሁለቱም «ስሞት» አለ፤ የእኛም መጽሐፍ በሁለቱም ቦታ መምታትን ነው የሚናገረው። አንደኛው የሚያነቃ መነካካት ነው፤ ሁለተኛው ሞት ነው። በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ግሡ አይነግረንም። የሚነግረን እጁ እንደደረሰ ነው። የዳዊትንም ነገር ያስታውሱ፤ የሳኦልን ልብስ ጫፍ በዋሻ ከቆረጠ በኋላ የገዛ ልቡ «ስሞት» አደረገው ይላል የእንግሊዝኛው 1ኛ ሳሙኤል 24። እዚያ የተነሣ እጅ የለም። ግን የሚደርስ ነገር ደረሰበት።

አሁን እህትዎ ያለችው ቃል እንግዳ አይሆንብንም። «ስሚትን» መጀመሪያ የሚባለው ለታመመ ሰው ነበር፦ በለምጽ የተመታ፣ በቸነፈር የተመታ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፍቅር መነገር ጀመረ። ዛሬ ብቻውን ሲነገር ለፍቅር ካልሆነ ብዙም አይሰማም፤ ግሡ አርጅቶ ጡረታ ሲወጣ ልጁ ፍቅር ቤት ተቀጠረ። ቁጣና ፍቅር በአንድ ቃል ያደሩት ሁለቱም ከውጭ መጥተው ሰው ላይ ስለሚያርፉ ነው። ተመቺው ሳያስበው ይነካል፤ ከተነካ በኋላም እንደ ቀድሞው አይሆንም።

አማርኛ ይህንኑ መንገድ በአንድ ቃል ሄዶታል፤ ያ ቃል «ለከፈ» ነው። ውሻ አፉን ያስነካው ምግብ «ውሻ የለከፈው» ይባላል፤ አይበላም፣ ረክሷል። ይህ የጥንቱ «በስሚታን» ነው፦ ነካ፣ አረከሰ። ዛር ወይም ክፉ መንፈስ ያገኘው ሰው «ተለከፈ»፣ «ልክፍት አለበት» ይባላል። ይህ ደግሞ የመካከለኛው ዘመን «ስሚትን» ነው። ከዚያ ጎረምሳው ከአንዷ ደጃፍ አልላቀቅ ሲል «በፍቅሯ ተለክፏል» እንላለን። መንካት፣ ማርከስ፣ መመታት፣ መውደድ፤ ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች፣ አንድ ጎዳና። ለዓመታት ተማሪዎቼን ስለ ትርጉም ለውጥ ሳስተምር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለ «ስሚዝ» የጠየቁት ግን ስሕተት ነው፤ ለምን ብዙ ሰው እንደሚያምነው ግን ይገባኛል። የእኛ «ቀጥቃጭ» በእርግጥ ከመቀጥቀጥ የወጣ ነው፤ ስለዚህ «ስሚዝም ከስማይት» ሲባል ለአማርኛ ጆሮ የተፈጥሮ ይመስላል። ድምፆቹ ግን እምቢ ይላሉ። እንግሊዝኛ በአናባቢ ቀጥሎ «ት» ባለበት የጥንት ቃል ውስጥ ጀርመንኛ «ስ» ይላል፦ «ዋተር» ውኃው «ቫሰር» ነው፤ «ባይት» መንከሱ «ባይሰን» ነው። እንግሊዝኛ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥታ የምትናገረውን ድምፅ ጀርመንኛ በ«ድ» ይተካዋል፦ «ብራዘር» «ብሩደር»፣ «ሰሪ» ብለን የምንጽፈው ሦስት ቁጥር «ድራይ»። አሁን ሁለቱን ቃላት በዚህ ሚዛን ይመዝኑ። «ስማይት» «ሽማይሰን» ሆነ፤ በ«ስ»። «ስሚዝ» ደግሞ በጀርመንኛ ሲጻፍ «ሽሚድ» ነው፤ በ«ድ»። ሁለት ሥር ናቸው። «ስሚዝ» በጥንት ጊዜ ብረትም እንጨትም የሚሠራ ባለ እጅ ሁሉ ስም ነበር፤ ከመምታት ጋር ሥጋ ዝምድና የለውም።

ወደ አማርኛ ስለ መተርጎሙ። አንድ ግሥ ይዘው ሁሉንም ለመሸፈን አይድከሙ። ለተራው ምት «መታ» ሁልጊዜ ይሠራል፤ «መታ» ራሱ ሰፊ ነው። በረዶ እህል ይመታል፣ ድርቅ አገር ይመታል፣ ምች ይመታል። የግብፅን ቡቃያ በረዶው «ስሞት» ሲል ከ«መታ» የተሻለ ቃል አያገኙም። እግዚአብሔር ሲቀጣ ግን «ቀሠፈ» አለልን፤ ከግእዝ የመጣ፣ የጅራፍ ድምፅ ያለበት፣ መቅሠፍትን የወለደ ቃል ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ ጽሑፉ ቅጣት ካላለ «ቀሠፈ» እንዳይጨምሩበት ነው። መልአኩ ጴጥሮስን አልቀሠፈውም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱ መጻሕፍት ሲለያዩ ግራ እንዳይገባዎ። በእንግሊዝኛው መዝሙር 121፣ በዳዊታችን 120፣ ፀሐይ በቀን «ስማይት» አታደርግህም፣ ጨረቃም በሌሊት ይላል። የእኛው «አያቃጥልህም» ነው። ጨረቃ እንዴት ታቃጥላለች ብለው ልጆች ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕብራይስጡ «አይመታህም» ይላል፤ የሰባው ሊቃናት ግሪክኛ «አያቃጥልህም» ብሎ ተረጎመው፤ የእኛ መዝሙር በግሪክኛው በኩል መጣ፤ የ1611ዱ እንግሊዝኛ ከዕብራይስጡ ተቀዳ። ጥቅሱን ከእንግሊዝኛው እየተረጎሙ ከሆነ «አይመታህም» ይበሉ። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ሲታሽለት ያየ አንባቢ ፀሐይ እንዴት እንደምትመታ ማብራሪያ አይፈልግም።

የእህትዎን ቃል «ተለክፌአለሁ» ብለው ይመልሱት። ተደራጊ ሆኖ ይቅር እንጂ ወደ አድራጊው እንዳይገለብጡት፤ «ለከፈኝ» ካሉ መንገድ ላይ ሴት የሚያስቸግር ጎረምሳ ይመጣል፤ እጮኛዋን እንዲያ ማለት አይገባም። በወዳጅነት ለስለስ ማድረግ ከፈለጉ «በፍቅሩ ተነድፌአለሁ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ግን ሰው በቤት፣ በቡችላ፣ ባየው ከተማም «ስሚትን» ነኝ ይላል። ለዚያ «ልክፍት» ይከብዳል፤ «ልቤን ወሰደው» ይበሉና ይለፉት።